መንፈሱ ባለጉዳይ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የአፍሪካ ሴት ደራስያንን ልብ ወለዶች እያነበቡ ነው። በየመጽሐፉ የሐይቅ እመቤት፣ ሞቶ ተመላልሶ የሚወለድ ሕፃን፣ ከቅድመ አያት የወረደ እርግማን ያጋጥማቸዋል። አማካሪያቸው «ምትሃታዊ እውነታዊነት ነው በይና እለፊው» ብለዋቸዋል። እርሳቸው ግን አልረኩም። «መንፈሱ የሌላ ነገር ተምሳሌት ነው ወይስ እንዳለ ልቀበለው? ሴቶቹ ዘንድ ለምን በዛ? ለውጭ አንባቢ የተጨመረ ማጣፈጫ ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አለመርካትዎ ተገቢ ነው። ለአማካሪዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ምክሩ አቋራጭ መንገድ ነው። ተአምሩን ከዕለት ኑሮ ጋር ቀላቅሎ እንደ ተራ ነገር የሚተርክ አጻጻፍ የሚጠራበት ይህ ስያሜ መጀመሪያ የሥዕል ነበር፤ ጀርመናዊው ሐያሲ ፍራንዝ ሮህ በ1925 ስለ ዘመኑ ሠዓሊዎች ሲጽፍ ተጠቀመበት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ኋላ ወደ ላቲን አሜሪካ ተሻግሮ ልብ ወለድ ላይ ተለጠፈ። ስያሜውን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የአንድ መቶ ዓመት ብቸኝነት» የታተመው በ1967 ነው። ናይጄሪያዊቷ ፍሎራ ንዋፓ የሐይቅ እመቤቷን ይዛ የመጣችበት «ኤፉሩ» ግን በ1966 ታትሞ ነበር። ታላቅን በታናሽ ስም መጥራት ምን ይባላል?

«ልዕለ ተፈጥሮ» የሚለው ቃልም ከዚህ አይሻልም። ቃሉ ጣሪያ ይሠራል፤ ከሥር ተፈጥሮ፣ ከላይ ሌላው። የንዋፓ የሐይቅ እመቤት ኡሃሚሪ ግን ከላይ አይደለችም። ቤቷ ዛሬ ኢሞ በሚባለው የናይጄሪያ ግዛት ያለው የኦጉታ ሐይቅ ነው፤ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት፣ ነጋዴዎቹ ታንኳ የሚቀዝፉት እዚያው ነው። በእኛም ቋንቋ «ውቃቢው ርቆታል» ወይም «ቆሌው ተገፈፈ» የሚል ሰው ተረት እያወራ አይደለም፤ ትናንት ስላየው ጎረቤቱ ነው የሚናገረው። ናይጄሪያዊው ሐያሲ ሃሪ ጋሩባ በ2003 ባሳተመው ጥናት ይህን አስተሳሰብ ሲያስረዳ አንድ ሐውልት ይጠቅሳል፦ በሌጎስ በጊዜው በነበረው የኤሌክትሪክ ኃይል ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤት ፊት የቆመውን፣ የናይጄሪያው የዮሩባ ሕዝብ የመብረቅ አምላክ የሻንጎን ሐውልት። ዘመናዊው መብራት ሲመጣ የመብረቁ አምላክ አልተባረረም፤ እንዲያውም መሥሪያ ቤት ተሰጠው። ይህን ሳስተምር ክፍሉ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ነጥቡ ግን ቀልድ አይደለም።

ወደ ራሴ መልስ ልግባ። መንፈሱን «ተምሳሌት ነህ ወይስ እውን?» ብለው አይጠይቁት። ባለጉዳይ አድርገው ይያዙት። ባለጉዳይ ሲመጣ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ምን ይፈልጋል? ከማን ላይ? ስንት ይበቃዋል? ሂሳቡን የሚከፍለውስ ማን ነው? በእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ በአንዲት ሴት አካል ላይ «ይገባኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ባል አለ፣ አማት አለች፣ ጎሳው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ቅኝ ገዢው አለ። መንፈሱ ሌላ ይገባኛል ባይ ሆኖ በመካከላቸው ይቀመጣል። ያን ጊዜ የሌሎቹ ይዞታ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቀው ይዞታ፣ ክርክር ይነሣበታል። ሴቶቹ ዘንድ ለምን በዛ ላሉት መልሴ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ክርክሩ የሚካሄድበት መሬት የእነርሱ ማኅፀን ስለሆነ።

በኤፉሩ ላሳይዎት። ኤፉሩ ቆንጆ ናት፤ ንግድም ይሆንላታል። የወደደችውን ሰው ጥሎሹ እንኳ ሳይከፈል አገባች። አንዲት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷ ሞተች፤ ባልየውም ጥሏት ጠፋ። ሁለተኛ ባል አገባች፤ ልጅ ግን አልመጣም። በዚህ መካከል ኡሃሚሪን በሕልሟ ማየት ጀመረች። ነገሩ ለአዋቂ ሲቀርብ እመቤቲቱ መርጣታለች ተባለ። የመመረጥ ግዴታው ቀላል ይመስላል፦ ኦሪዬ በተባለው ቀን ነጭ ትለብሳለች፣ ከባሏም ጋር አትተኛም። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የኤፉሩ ሕዝብ የኢግቦዎች ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ኦሪዬ ከአራቱ አንዱ።  አሁን ከአራት ሌሊት አንዱ የሌላ ሆነ፤ ባልየውም አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ደግሞ ኡሃሚሪ ራሷ ልጅ የላትም። ሀብትና ውበት ትሰጣለች፣ ልጅ ግን አትሰጥም። መንደሩ «መካን» የሚላት ሴት በእርሷ በኩል ሌላ ማዕረግ አገኘች፤ ማዕረጉንም ያወጣችላት መንደሩ ራሱ የሚፈራት እመቤት ናት።

ይህን «የሴቶች ነጻነት» ብሎ ለመዝጋት መቸኮል ግን ንዋፓን ማሳነስ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው በጥያቄ ነው፦ እመቤቲቱ የእናትነትን ደስታ አታውቅም፤ ታዲያ ሴቶቹ ለምን ያመልኳታል? ደራሲዋ ጥያቄውን እንደዘረጋችው ሄደች።

ያነሣችው ሌላዋ ናይጄሪያዊት ደራሲ ቡቺ ኤመቼታ ናት። በ1979 ያሳተመችው ልብ ወለድ ርእሱ «የእናትነት ደስታዎች» ነው፤ ከንዋፓ የመጨረሻ መስመሮች የተቀዳ መሆኑ ግልጽ ነው። እዚህ ደግሞ ባለጉዳዩ ጨካኝ ነው፤ ለጭካኔውም ምክንያት አለው። ንኑ ኢጎ የተባለችው ባለታሪክ «ቺ» አላት። ቺን በአማርኛ ውቃቢ ብል ብዙም አልርቅም፤ ከሰው ጋር ተወልዶ ዕድሉን የሚይዝ ነው። የእርሷ ቺ አንዲት ባሪያ ናት። እመቤቷ ስትሞት አብራ እንድትቀበር ተፈረደባት፣ ለመነች፣ ተደበደበች፣ ተመልሼ እመጣለሁ ብላ ወደ መቃብሩ ገባች። ንኑ ኢጎ ስትወለድ የባሪያይቱ ቁስል ምልክት ራሷ ላይ ነበር። የባሪያው ባለቤት ማን ነበር? የንኑ ኢጎ አባት፣ በመንደሩ የተከበረው አግባዲ። እንግዲህ ሂሳቡን ይከታተሉ። በደሉን የፈጸመው የአባት ቤት ነው፤ ከፋይዋ ልጅ ናት። ኤመቼታ ለዚህ የምትሰጠው ስም ፍትሕ አይመስለኝም። ከሴት ወደ ሴት የተሸጋገረ ዕዳ ነው፤ ወንዶቹ በመካከሉ በሰላም ያረጃሉ። ንኑ ኢጎ ልጆቿን አሳድጋ መንገድ ዳር ብቻዋን ትሞታለች። ከሞተች በኋላ መቅደስ ይሠራላታል፤ ልጅ ያጡ ሴቶች መጥተው ይለምኗታል። እርሷም ባለጉዳይ ሆነች ማለት ነው። ለአንዳቸውም ልጅ አትሰጥም። በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ በእንቢታው የገነነ መንፈስ አላውቅም።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንምጣ። ኢግቦዎች «ኦግባንጄ»፣ ዮሩባዎች «አቢኩ» የሚሉት ተመላልሶ እየተወለደ እናቱን የሚያስለቅስ ልጅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተምረው «የሕፃናት ሞት የበዛበት ማኅበረሰብ ለሐዘኑ ያወጣው ተምሳሌት» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አነሣች። «አያቴ በሾተላይ አራት ልጆች ቀብራለች፤ ተምሳሌት ነው ብሎ የነገራት ሰው የለም» አለች። ሰሌዳውን ጠረግሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን ቃላት አስተያይቼ ነው የማስተምረው፤ ልዩነታቸው ከመመሳሰላቸው ይልቅ ይጠቅማልና። በእኛ ዘንድ «ሾተላይ አለባት» የሚባለው ለእናቲቱ ነው። ኦግባንጄ ሲባል ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ልጁ ነው፤ ሆን ብሎ የሚመላለስ፣ ከመንፈስ ጓደኞቹ ጋር ቃል ኪዳን ያለው፣ የቃል ኪዳኑን ምልክት የሆነ ቦታ የቀበረ። ወላጆች ስም እያወጡ ይለምኑታል፦ ኢግቦዎች «ኦንዉቢኮ» ይላሉ፣ ሞት ሆይ እባክህ ማለት ነው፤ ዮሩባዎች «ዱሮጃዬ» ይላሉ፣ ቆይና ኑሮን ቅመሰው። እኛም ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ብለን ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን፤ የእኛ ስሞች ግን ልጁን አይለምኑም፣ የወላጁን ልብ ያባብላሉ እንጂ።

በወንዶች ልብ ወለድ ይህን ልጅ ብዙውን ጊዜ ከውጭ እናየዋለን። አስደናቂው ለውጥ የመጣው ልጁ ራሱ አፍ ሲያወጣ ነው። ትውልደ ናይጄሪያዊቷ ሄለን ኦዬዬሚ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች በጻፈችውና በ2005 በታተመው «ዘ ኢካረስ ገርል» ውስጥ የስምንት ዓመቷ ጄስ ኢባዳን በሚገኘው የአያቷ ግቢ ቲሊቲሊ ከምትባል ልጅ ጋር ትተዋወቃለች። ልጅቷን ሌላ ሰው አያያትም። ጄስ መንታ እንደነበረችና እኅቷ ስትወለድ እንደሞተች ኋላ ይነገራታል። ለሟች መንታ በዮሩባ ልማድ ኢቤጂ የሚባል ምስል ከእንጨት ይቀረጻል፤ እንግሊዝ አገር የሚኖሩት ወላጆቿ አላስቀረጹም። የባለጉዳይዋ አቤቱታ እንግዲህ የታወቀ ነው። መጽሐፉ መጨረሻው ላይ ይንገዳገዳል፣ ደራሲዋም ልጅ ነበረች፤ ግን ጥያቄውን በትክክል አስቀምጣለች፦ አገር የቀየረ ቤተሰብ ለሙታኑ ያለበት ግዴታ አብሮ ይሰደዳል ወይስ ጉምሩክ ላይ ይቀራል?

አክዋኤኬ ኤሜዚ በ2018 ባሳተሙት «ፍሬሽዎተር» ነገሩን እስከ ጥጉ ወሰዱት። ተራኪዎቹ መንፈሶቹ ናቸው፤ «እኛ» ብለው ይጀምራሉ። አዳ የምትባለው ልጅ ስትወለድ በር ሳይዘጋ ስለቀረ እዚያው ሰውነቷ ውስጥ ታጉረው ነቁ፤ የሚያሳብዳቸውም፣ የሚያስቆጣቸውም ሥጋው ነው። የሕክምና ቋንቋ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ስም ያወጣለታል፤ መጽሐፉም ያንን ስም ያውቀዋል፣ አይሸሸውም። አጠገቡ ሌላ ወንበር አስቀምጦ ሁለቱንም ያስቀምጣቸዋል። በነገራችን ላይ ለጥናትዎ ርእስ ይህን ይጠንቀቁ፦ ኤሜዚ ራሳቸውን ኦግባንጄ ነኝ እንጂ ሴት ነኝ አይሉም። «የሴት ደራስያን» የሚለው ርእስዎ እዚህ ላይ ይፈተናል። የአማርኛ አንቱታ ጾታ ስለማይለይ እኔን ከጭንቅ አውጥቶኛል፤ ምዕራፉን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ከሆነ ግን እርስዎ ማሰብ ይኖርብዎታል።

ስለ እብደትና መንፈስ ከጻፉ ቤሲ ሄድን አይዝለሏት። በ1973 የወጣው «ኤ ኩዌስችን ኦፍ ፓወር» ቦትስዋና ውስጥ በስደት የምትኖረውን ኤልሳቤጥንና በሌሊት የሚጎበኟትን ሴሎንና ዳንን የያዘ ነው። ሐያስያን ግማሾቹ በሽታ ነው፣ ግማሾቹ መንፈስ ነው እያሉ ኖረዋል። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ በሦስተኛው ነው የጨረስኩት።

የኡጋንዳዋ ጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢ ዘንድ ስንደርስ ባለጉዳዩ ሰነድ ይዞ ይመጣል። «ኪንቱ» የሚጀምረው በ2004 ካምፓላ ውስጥ፣ ብዋይሴ በተባለ ሰፈር፣ በመንጋ በተገደለ ሰው ነው። ከዚያ ወደ 1750 ይወርዳል። ኪንቱ ኪዳ የተባለ፣ በቡጋንዳ መንግሥት የአንድ ግዛት ገዢ፣ ያሳደገውን የባዕድ ልጅ በጥፊ ይመታዋል፤ ልጁ ይሞታል፤ ኪንቱም ይደብቀዋል፣ በወግ አይቀብረውም። እውነተኛው አባት ይረግማል። እንግዲህ እርግማኑ ምንድን ነው? ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በዘሩ ላይ የሚታየው እብደት፣ ድንገተኛ ሞት፣ መንታ ሆኖ የሚያሳድድ ጥላ ነው። ከዘሩ አንዱ ሚስቱ ከሞተች በኋላ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤቱን መስማት ይፈራል። አንባቢው ቫይረሱን ይጠብቅ ወይስ እርግማኑን? ማኩምቢ ሁለቱንም ፋይሎች ክፍት ትተዋቸዋለች። እኔ እንደማነበው እርግማኑ የዚህ ቤተሰብ መዝገብ ቤት ነው። ቤተሰቡ የካደውን፣ ቤተ ክርስቲያን ያልመዘገበችውን፣ የቅኝ ግዛት ሹም ያልሰማውን አንድ ግድያ እርሱ ብቻ አልረሳም።

መንፈስ እንደ መዝገብ ያልኩት የሚጎላው በዚምባብዌዋ ኢቮን ቬራ «ኔሃንዳ» (1993) ነው። የኔሃንዳ መንፈስ ያደረባት ቻርዌ በ1896 እና 97 የሾና ሕዝብ በእንግሊዞች ላይ በተነሣ ጊዜ ግንባር ቀደም ነበረች፤ በ1898 ተሰቀለች። የፍርድ ቤቱ ወረቀት በሰቃዮቿ እጅ የተጻፈ ነው። ቬራ ያንን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ ታሪኩን ከመንፈሱ ወገን ሆና ጻፈችው። በእኛ የዛር ቋንቋ መንፈስ ያደረበት ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ በዚያ ቋንቋ ብናገር፣ እንግሊዞቹ የሰቀሉት ፈረሱን ነው። ጋላቢው ሌላ ፈረስ ፈለገ። በ1970ዎቹ የነጻነት ጦርነት ተዋጊዎቹ የኔሃንዳ መንፈስ ያደረባትን ሌላ አሮጊት ድንበር አሻግረው ከጎናቸው አስቀምጠዋት ነበር። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፣ ታሪክ ነው።

ዛርን ካነሣሁ አይቀር አንድ ወጥመድ ልጠቁምዎ። አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንፈስ የሚይዘው ኃይል የሌላቸውን፣ በተለይም ሴቶችን ነው፤ መንፈሱ ልብስና ሽቶ ሲጠይቅ ሴቲቱ ከባሏ ላይ መብቷን በተዘዋዋሪ እየጠየቀች ነው አለ። የኔም «ባለጉዳይ» ይህንኑ ይመስላል፤ ዕዳዬን አልክድም። ነገር ግን በሰሜን ሱዳን መንደር ውስጥ ዛርን ያጠናችው ጃኒስ ቦዲ በ1989 እንዳሳየችው፣ ነገሩ ከባል ኪስ ገንዘብ ከማውጣት ይሰፋል፤ ሴቲቱ በሌላ ዓይን ራሷንና መንደሯን ከውጭ የምታይበት ጊዜ ነው። መንፈሱን የሴቲቱ ጠበቃ ብቻ አድርገው ካነበቡት፣ እንደ ንኑ ኢጎ ቺ ያለውን ከሳሽ ምን ያደርጉታል? ባለጉዳይ ለማንም ወገንተኛ የመሆን ግዴታ የለበትም። የሞዛምቢኳ ፓውሊና ቺዚያኔ በ2000 ባወጣችው «ሰባተኛው መሐላ» ውስጥ ጥንቆላውን የሚሻው ሥልጣኑ የተናጋበት የፋብሪካ ኃላፊ ነው፤ የሚከፈለውም በቤቱ ሴቶች ነው።

ቬሮኒክ ታጆም በ2005 «ንግሥት ፖኩ»ን ስትጽፍ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። በኮትዲቯር የባውሌ ሕዝብ አፈ ታሪክ ንግሥት አብላ ፖኩ ሕዝቧ የኮሞዬን ወንዝ እንዲሻገር ልጇን ለወንዙ ሰጠች፤ የሕዝቡ ስም ራሱ «ልጁ ሞቷል» ከሚለው ቃሏ መጣ ይባላል። ታጆ አፈ ታሪኩን ደጋግማ በተለያየ መንገድ ትተርከዋለች። በአንዱ መንገድ እናቲቱ እንቢ ትላለች። ሕዝብ ሁሉ ስሙን ያገኘበትን መሥዋዕት እንቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ ወንዙ ባለጉዳይ ሆኖ ሲቆም «ሂሳቡ እኔን አይመለከትም» የሚል ሰው ነው የተገኘው።

«ለውጭ አንባቢ ማጣፈጫ» ላሉት አጭር መልስ አለኝ። «ኪንቱ» በ2014 መጀመሪያ የታተመው ናይሮቢ ነው፤ ደራሲዋ እንደተናገረችው የእንግሊዝ አሳታሚዎች በጣም አፍሪካዊ ነው ብለው መልሰውት ነበር። ማጣፈጫ ቢሆን ባልመለሱት። ደራሲዋ ንኔዲ ኦኮራፎርም በ2019 ለራሷ ሥራዎች የራሷን ስያሜዎች ያወጣችው ሌሎች በሚሰጧት ስም መጠራት ሰልችቷት ነው። ማጣፈጫ የሆኑ መጽሐፎች የሉም ግን አልልም። አሉ፤ በዝተዋልም። መለያቸው ቀላል ነው፦ መንፈሱን አውጥተው ታሪኩን ቢያነቡት ምንም አይጎድልም፣ ማንም የሚከፍለው ዕዳ አይቀየርም። በተቃራኒው ሌስሊ ንኔካ አሪማ በአንድ አጭር ልብ ወለዷ ውስጥ ሴቶች ልጆቻቸውን ከክር፣ ከጭቃ፣ ከፀጉር የሚሠሩበት ዓለም ፈጥራለች፤ ልጁ ነፍስ የሚዘራው የሠሪዋ እናት ስትባርከው ነው። ይህ የማንም መንደር እምነት አይደለም፣ ደራሲዋ የፈጠረችው ነው። ሆኖም ሕጉን ከታሪኩ ቢያወጡት የሚተርፍ የለም፤ ድሃዋ ሴት እናቷ አልባርክም ስላለቻት ለበረከቱ ሌላ ቦታ ምን እንደምትከፍል ነው ታሪኩ።

ለምዕራፍዎ ይህን ያድርጉ። ከአማካሪዎ ጋር በስያሜው አይጣሉ፤ አንድ አንቀጽ ሰጥተውት ይለፉ። ከዚያ በየመጽሐፉ መንፈሱ የሚናገርበትን ገጽና ሌሎች ስለ መንፈሱ የሚናገሩበትን ገጽ ለይተው ይቁጠሩ። «ኤፉሩ»ን በዚህ መልክ ያነበበ ሰው ኡሃሚሪ በሕልም ትታያለች እንጂ ጉዳይዋን ሁሉ ሌሎች እንደሚናገሩላት ያስተውላል፤ «ፍሬሽዎተር» ላይ ሲደርስ ደግሞ መንፈሶቹ አንደኛ መደብ ሆነው ሰዎቹን ዝም ያሰኛሉ። በሁለቱ መካከል 52 ዓመት አለ። የንዋፓንና የኤመቼታን የመጨረሻ ገጾች ግን በአንድ ቀን፣ አከታትለው ያንብቧቸው፤ የመጀመሪያይቱ የጠየቀችውን ሁለተኛይቱ ንኑ ኢጎን በመቅደስ አስቀምጣ በእንቢታዋ መልሳዋለች፣ እኔም እስካሁን የማስተምረው ከእነዚያ ሁለት ገጾች ጀምሬ ነው።